ድኻ ስም ሩቅ ይሄዳል፦ የዳታቤዝ ስያሜ ከአሶሳ ሲታይ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አንድ ጤና ጣቢያ የመዘገበው የክትባት ቁጥር ረጅም መንገድ ይሄዳል። መጀመሪያ መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ ይሰፍራል። ቀጥሎ ወረዳው ላይ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ከወረዳ አሶሳ፣ ከአሶሳ አዲስ አበባ ይደርሳል። ካርታ የሚሠራ ባለሙያ ለካርታው ይወስደዋል፤ ተመራማሪ ደግሞ ስታታ ወይም ኤስፒኤስኤስ ላይ ይከፍተዋል። ቁጥሩ በየደረሰበት ያው ነው። ቁጥሩ የተቀመጠበት ዓምድ ስም ግን ያው ሆኖ አይደርስም። አንዱ ሥርዓት ይቆርጠዋል፣ ሌላው ፊደሉን ይለውጠዋል፣ ሦስተኛው ጭራሽ አላውቀውም ይላል። ስሙ ከተበላሸ ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር የሚያውቅ አይኖርም።

መረጃ ከሥርዓት ወደ ሥርዓት ሲሻገር እንዳይሰበር ሠንጠረዦችንና ዓምዶችን እንዴት እንሰይም? ጥያቄው በመላው ዓለም ያሉ የዳታቤዝ ባለሙያዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። ከአሶሳ ሲታይ ግን ሌላ መልክ ይይዛል፤ ምክንያቱም እዚህ ፊደሉ፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ የሰው ስም አወቃቀሩና የቦታ ስሙ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ካለው ይለያል። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ ለማሽኑ የሚሰጠው ስም ድኻ መሆን አለበት፣ ሙሉውና ባለጸጋው ስም ደግሞ እንደ ማንኛውም መረጃ ረድፍ ውስጥ መቀመጥ አለበት የሚል ነው።

ስንት ዓይነት ማሽን?

የክልሉ መረጃ የሚያርፍባቸው ሥርዓቶች መሠረታቸው አንድ አይደለም። የጤናው ዘርፍ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣና በፖስትግሬስኪውኤል ላይ የሚሠራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በእጃቸው የያዙት ኢቺስ ኮምኬር በተባለ መድረክ ላይ ተገንብቷል። የመንግሥት ፋይናንስ ሥርዓት የሆነው ኢፍሚስ የኦራክል ነው። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ የተገነባው ሞሲፕ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር ላይ ሲሆን የሞሲፕ ዳታቤዝ ፖስትግሬስኪውኤል ነው።

በአሶሳ ዞን ደግሞ ሌላ ትልቅ የመረጃ ባለቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከተከፈተው ሸርቆሌ ጀምሮ፣ በ2012 የተከፈተውን ባምባሲንና በሱዳን ጦርነት ምክንያት በ2024 የተከፈተውን ኡራን ጨምሮ ዞኑ የስደተኞች መጠለያዎች ያሉበት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ስደተኞችን የሚመዘግብበት ፕሮግሬስ አራተኛ ትውልዱ በማይክሮሶፍት ዳይናሚክስ ላይ የቆመ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ በየቢሮው ያሉትን የአክሰስና የኤክሴል ፋይሎች፣ በማይኤስኪውኤል የተሠሩትን አነስተኛ ዌብሳይቶችና የካርታ ሼፕፋይሎችን ስንጨምር፣ አንድ የዓምድ ስም ስድስትና ሰባት ዓይነት የስያሜ ሕግ ሊገጥመው ይችላል።

ነጥብ፣ እዝባርና ሰረዝ

ችግሩ ከኤክሴሉ ርእስ ይጀምራል። የመሥሪያ ቤቶቻችን ሠንጠረዥ በ«ተ.ቁ» ተጀምሮ በ«ምርመራ» ያልቃል። በመካከሉ «ጽ/ቤት»፣ «ጤ/ጣቢያ»፣ «ዓ.ም» ይደረደራሉ። አማርኛ ቃል የሚያሳጥረው በነጥብና በእዝባር ነው። ሁለቱም የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ በሆነው በኤስኪውኤል ሥራ የያዙ ምልክቶች ናቸው።

ርእሶቹ እንዳሉ ተወስደው ፖስትግሬስኪውኤል ላይ ቢጠየቁ የሚሆነውን እንመልከት። «ጽ/ቤት» የሚለውን ማሽኑ የሚያነበው ጽ ሲካፈል ለቤት ብሎ ነው፤ መልሱም ጽ የሚባል ዓምድ የለም የሚል ይሆናል። «ተ.ቁ» ሲባል ደግሞ ተ ከሚባል ሠንጠረዥ ቁ የሚባለውን ዓምድ አምጣ እንደተባለ ይቆጥረዋል። የክልሉ ስም ራሱ በሰረዝ ከተጻፈ ቤኒሻንጉል ሲቀነስ ጉሙዝ ይሆናል፤ የማኦ-ኮሞም ዕጣ ያው ነው።

መድኃኒቱ ስሙን በጥቅስ ማሰር ነው የሚሉ አሉ፤ ይሠራልም። ነገር ግን ማሰሪያው ከሥርዓት ሥርዓት ይለያያል። የኤስኪውኤል ስታንዳርድ ድርብ ትምህርተ ጥቅስ ያዛል፤ አክሰስ የማዕዘን ቅንፍ ይጠቀማል፤ ኤስኪውኤል ሰርቨርም ይህንኑ ቅንፍ ለምዷል፤ ማይኤስኪውኤል ደግሞ ባክቲክ የምትባለውን ያዘመመች ምልክት ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ዝም ብሎ የሚያልፈው ስህተት ነው። ማይኤስኪውኤል በተለመደው አሠራሩ በድርብ ጥቅስ ያለን ነገር እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥራል። ስለዚህ ለፖስትግሬስኪውኤል የተጻፈው ጥያቄ እዚያ ሲሮጥ ስህተት አያሳይም፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የቢሮውን ስም ሳይሆን «ጽ/ቤት» የሚለውን ቃል ራሱን ደርድሮ ይመልሳል። ሪፖርቱን ያላየ ሰው ሥራው የተሳካ ይመስለዋል።

ትልቁና ትንሹ ፊደል

ሁለተኛው መሰናክል የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ ያለው መሆኑ ነው። በጥቅስ ያልታሰረን ስም ስታንዳርዱ ወደ ትልቅ ፊደል ቀይር ይላል፤ ኦራክልም እንደዚያው ያደርጋል። ፖስትግሬስኪውኤል በተቃራኒው ወደ ትንሽ ይቀይራል። በማይኤስኪውኤል የሠንጠረዥ ስም የሚወሰነው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ትልቅና ትንሽ አይለይም፣ ሊኑክስ ላይ ይለያል። ባለሙያው ዊንዶውስ ላፕቶፑ ላይ የሠራው ሥርዓት ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲጫን በድንገት ሠንጠረዡ የለም የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው።

አማርኛን በላቲን ለሚጽፍ ሰው ይህ ከሌላው አገር ይብሳል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው የአጻጻፍ ዘዴ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል ድምፅ ለመለያ ያውለዋል። ትንሹ ቲ ትን፣ ትልቁ ቲ ጥን ይወክላል፤ አናባቢውም ኢ ትንሽ ሲሆን ግዕዝ፣ ትልቅ ሲሆን ኃምስ ነው። በዚህ ዘዴ «ጤና» ተብሎ የተሰየመ ዓምድ ፖስትግሬስኪውኤል ፊደሉን ሲያሳንሰው «ተና» ሆኖ ይቀራል። ጥና ት፣ ጭና ች የተለያዩ ሁለት ዓምዶችን ሊያመለክቱ ከታሰቡም አንድ ሆነው ይጋጫሉ። ሴራ ጽሑፍ ለማስተላለፍ የታሰበ ዘዴ ስለሆነ በዓላማው አይወቀስም፤ ለዓምድ ስም ግን አይመችም። ሁሉንም በትንሽ ፊደል መጻፍና ቃላቱን በአንደርስኮር መለየት እስካሁን ከታየው ሁሉ አነስተኛ ጣጣ ያለው ልማድ ነው።

ርዝመት

ስታንዳርዱ እስከ 128 ፊደል ይፈቅዳል፤ ኤስኪውኤል ሰርቨርም እዚያ ይደርሳል። ማይኤስኪውኤል 64 ላይ፣ ፖስትግሬስኪውኤል 63 ባይት ላይ ያቆማል። ኦራክል እስከ ቅጽ 12.1 ድረስ 30 ባይት ብቻ ነበር የሚቀበለው። ስታታ 32 ፊደል ላይ ይገታል። ከሁሉም ጠባቡ በሩ ሼፕፋይል ነው፤ የመረጃ ክፍሉ የቆየውን የዲቤዝ ፋይል ስለሚጠቀም የዓምድ ስም ከ10 ፊደል አያልፍም።

10 ፊደል ምን ያደርጋል? ኢትዮጵያ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት በመደበኛ መርሐ ግብሯ ያስገባችው በ2011 ዓ.ም. ነው። አንድ የወረዳ ፋይል በላቲን ፊደል «ኩፍኝ_ክትባት_1» እና «ኩፍኝ_ክትባት_2» የሚሉ ዓምዶች አሉት እንበል። ፋይሉ ለካርታ ወደ ሼፕፋይል ሲቀየር ሁለቱም አሥረኛው ፊደል ላይ ይቆረጡና አንድ ዓይነት ይሆናሉ። የካርታ ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ ከሥሩ የሚጠቀምበት ላይብረሪ ግጭቱን የሚፈታው የኋለኛውን ወደ 8 ፊደል አሳጥሮ ጫፉ ላይ «_1» በመጨመር ነው። ውጤቱ የሚገርም ነው፤ የመጀመሪያው ክትባት ቁጥሩን ያጣል፣ ሁለተኛው ክትባት ደግሞ «ኩፍኝ_ክ_1» የሚል ስም ይዞ ይወጣል። ካርታውን የሚሠራው ሰው «1» የሚለውን ሲያይ የመጀመሪያው ክትባት ነው ብሎ ቢቀባው ማን ይፈርድበታል? የሁለተኛው ክትባት ሽፋን ከመጀመሪያው ዝቅ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ ካርታው ወረዳዋን ካለችበት አሳንሶ ያሳያታል፤ ፕሮግራሙም የስም ለውጡን ከማሳወቅ ያለፈ ነገር አይናገርም።

መከላከያው ቀላል ነው። የሚለየው ነገር ስሙ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ «ኩፍ1» እና «ኩፍ2» ተብለው የተጀመሩ ዓምዶች የትም ቢቆረጡ አይምታቱም። አጠቃላዩ ርዝመት ከ30 ካላለፈ ደግሞ አሮጌውን ኦራክልም ሆነ ስታታን ያልፋል።

ባለቤት ያላቸው ቃላት

እያንዳንዱ ዳታቤዝ ለራሱ ያስቀራቸው ቃላት አሉት። ዩዘር፣ ኦርደር፣ ግሩፕ የታወቁት ናቸው። ኦራክል ዴት፣ ሌቭል፣ ሳይዝና ኮሜንት የሚሉትንም ይከለክላል። ዝርዝሩ ደግሞ ከጊዜ ጊዜ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በይፋ የወጣው ማይኤስኪውኤል 8 ራንክ የሚለውን ቃል ለራሱ ወሰደ። የተማሪዎችን ደረጃ በዚሁ ስም የያዘ የትምህርት ቤት ሥርዓት ዳታቤዙ በታደሰ ማግስት መሰናከሉ አይቀርም።

ለእኛ የሚያስቀው ዞን ነው። ከሰዓት ቀጠና ጋር በተያያዘ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤስኪውኤል ስታንዳርድ የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር የሚያበቃው በእንግሊዝኛው ዞን ነው። መተከልን፣ አሶሳንና ካማሺን የምንከፍልበት ቃል ማለት ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ሥርዓቶች አይከለክሉትም፤ ግን ከ«ዞን» ይልቅ «ዞን_ኮድ» ማለት የሚያስወጣው ነገር የለም። ወረዳና ቀበሌ ግን በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ የአገር ቃል ብዙውን ጊዜ ከዚህ አደጋ ነጻ ነው።

በፊደላችን ብንሰይምስ?

እዚህ ላይ ክርክሩ ይሞቃል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። ፖስትግሬስኪውኤል፣ ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውኤል ሰርቨር በፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላሉ፤ ስታታም ከ14ኛ ቅጹ ወዲህ ይቀበላል። በፊደል መሰየምን የሚደግፉ ሰዎች ሁለት ጥሩ ነጥብ አላቸው። አንደኛ፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ባለሙያው ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል። ሁለተኛ፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከላይ ያየነው ጣጣ ሁሉ ይቀራል።

የሚቃወመው ወገን ሦስት ነገር ያነሣል። ፊደሉ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይፈጃል፤ ፖስትግሬስኪውኤል የሚፈቅደው 63 ባይት 21 ፊደል ብቻ ይሆናል። «ቤኒሻንጉል_ጉሙዝ» ብቻውን 28 ባይት ነው፤ አሮጌው ኦራክል ላይ «ክልል» የሚለውን ለመጨመር ቦታ የለም። ሞክሼ ፊደላቱም አሉ፤ ጽሕፈት በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ ዓመት በዐይኑ ወይም በአልፋው ሊጻፍ ይችላል። አንባቢ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ ማሽኑ ግን ሁለት ስም አድርጎ ይቆጥራል። ሦስተኛው ነጥብ በዚህ ክልል ይበልጥ ይከብዳል። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች ናቸው፤ በርታኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። የዓምድ ስም በአንድ ቋንቋ ውበት ከተጌጠ ለሌሎቹ ባዕድ ነው። ማንንም የማይወክል ደረቅ መለያ ይዞ፣ የአማርኛውን፣ የበርታኛውንና የእንግሊዝኛውን መጠሪያ በሦስት ረድፍ ማስቀመጥ ለሁሉም እኩል ይዳረሳል። በዚህ ክርክር ሚዛኑ ወደ ተቃዋሚዎቹ ያደላል።

የቦታ ስምና ቁጥር 6

ስለ ረድፍ ስናነሣ የቦታ ስም ይመጣል። አሶሳ በላቲን በአንድ ኤስም በሁለት ኤስም ትጻፋለች። ካማሺና ከማሺ፣ ፓዌና ፓዊ፣ ወንበራና ወምበራ በየሰነዱ ይፈራረቃሉ። የክልሉ ስምም ቤኒሻንጉል፣ ቤንሻንጉል እየተባለ ይጻፋል። ሁለት ሠንጠረዦችን በወረዳ ስም ለማገናኘት የሞከረ ሰው ግማሹ ረድፍ ሲጠፋበት ምክንያቱ ይኸው ነው። ስም የሠንጠረዥ ማገናኛ ቁልፍ መሆን የለበትም።

ታዲያ ቁልፉ ምን ይሁን? በሽግግሩ ዘመን በ1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ክልሎች ሲያዋቅር ቤኒሻንጉል ክልል 6 ነበር። ስሙ ሲቀያየር ቁጥሩ ግን ዛሬም አለ። የሰብአዊ እርዳታ ድርጅቶች ካርታ ክልሉን ኢቲ06 ይለዋል፤ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱም ፋይል ውስጥ 6 ሆኖ ይገኛል። በእነዚህ ኮዶች ከ7 ቀጥሎ 12 የሆነው ጋምቤላ ይመጣ የነበረው ከ7 እስከ 11 የነበሩት ደቡብ ተብለው ስለተጠቃለሉ ነው። ያ ደቡብ ክልል ራሱ ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ተከፋፍሎ አልቋል። በስሙ የተሰየሙ ዓምዶችና ሠንጠረዦች የነበሯቸው ሥርዓቶች ስሙ የማይወክለውን ነገር ተሸክመው ቀርተዋል። ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው፤ የአንድ ክልል ስም የዓምድ ስም ሆኖ አይግባ። «ቤኒሻንጉል»፣ «ጋምቤላ»፣ «ደቡብ» የሚሉ ዓምዶች ከመደርደር «ክልል_ኮድ» የሚል አንድ ዓምድ ይበቃል።

አንድ ኮድ ለሁሉም አይበቃም። ዓለም አቀፉ የአይኤስኦ ስታንዳርድ ክልሉን በፊደል ኮድ ይጠራዋል፤ ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ ለእያንዳንዱ ተቋም በፊደል የሚጀምር፣ ትርጉም የሌለው 11 ፊደልና አኃዝ ይሰጣል። የሚያስፈልገው እነዚህን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ የማዛመጃ ሠንጠረዥ ነው። የጤና ሚኒስቴር የተቋማት ዋና መዝገብ የታሰበውም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ሰውና ዘመን

ከውጭ የመጡ ብዙ ሥርዓቶች የሰውን ስም በሁለት ዓምድ ይከፍላሉ፤ የመጀመሪያ ስምና የመጨረሻ ስም። የእኛ ቅጽ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል። «የመጨረሻ ስም» የሚል ዓምድ ሲመጣ አንዱ መዝጋቢ የአባት፣ ሌላው የአያት ስም ያስገባበታል፤ ኋላ ሁለቱን ፋይሎች ማዛመድ ጭንቅ ነው። ኩርሙክ ድንበር ላይ የሚመዘገብ ሱዳናዊ ደግሞ የቅድመ አያቱን ጨምሮ አራት ስም ሊጠራ ይችላል። ዓምዱ ተራውን ሳይሆን ዝምድናውን ይጥራ፦ በላቲን ፊደል «ስም»፣ «አባት_ስም»፣ «አያት_ስም»።

ዘመንም እንዲሁ ነው። «ዓመት» ተብሎ 2016 የተጻፈበት ዓምድ በየትኛው አቆጣጠር ነው? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ወሩ 13 ነው፤ የስደተኞች ምዝገባ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ዲኤችአይኤስ2 የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ብዙው ሶፍትዌር ግን አያውቅም። የአቆጣጠሩ ምልክት ከዓምዱ ስም ጋር መጣበቅ አለበት፦ «ዓመት_ኢት» ወይም «ዓመት_ጎር»። መለኪያም ያለበት ሁሉ፣ ኪሎም ይሁን ኩንታል፣ ሄክታርም ይሁን ጥማድ፣ እንዲሁ ስሙ ላይ ይታይ። ድኻው ስም አንድ ነገር ብቻ እንዲሸከም ከተፈቀደለት ይህን ይሸከም።

የስያሜ ወገኖች

የቀረው ክርክር ቀለል ያለ ነው። የሠንጠረዥ ስም ነጠላ ይሁን ብዙ፣ ፊቱ ላይ «ቲቢኤል» ይቀጠል አይቀጠል፣ ብዙ ቀለም ፈሶበታል። ሁለቱም መንገድ ይሠራል፤ የሚጎዳው መቀላቀሉ ነው። አይኤስኦ 11179 የተባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ በአምስተኛ ክፍሉ ስም ከነገሩ፣ ከባሕርዩና ከአገላለጡ እንዲዋቀር ይመክራል። «ተቋም_ምሥረታ_ቀን» ቢባል ተቋም ነገሩ፣ ምሥረታ ባሕርዩ፣ ቀን አገላለጡ ነው። ጥሩ ሥርዓት ነው፣ ግን ስሙን ያስረዝማል፤ ስለዚህ ከአሕጽሮት ዝርዝር ጋር ካልሄደ ከሼፕፋይሉ በር አያልፍም።

በሌላው ጫፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ዓምዶች አሉ። ክልል በእነሱ «ቪ024» ነው። ይህ ስም የትኛውንም ማሽን ያልፋል፤ በብዙ አገርና በብዙ ዓመት ጥናት አንድ ዓይነት ነው። መዝገበ ቃላቱ ከሌለ ግን ማንም አይፈታውም። ድኻ ስም የሚያስከፍለው ዋጋ ይኸው ነው፤ ማብራሪያው ከጠፋ ስሙ ምንም አይናገርም። ጤና ሚኒስቴር ብሔራዊ የጤና መረጃ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀቱ ለጤናው ዘርፍ ትልቅ እርምጃ ነው፤ በግብርና፣ በመሬትና በትምህርት ቢሮዎች ግን ማብራሪያው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአንድ ባለሙያ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ባለሙያው ሲዛወር አብሮት ይዛወራል።

ከየት ይጀመር?

ያለውን ሥርዓት አፍርሶ ስም መቀየር አይመከርም፤ የድሮው ስም በስንት ሪፖርት ውስጥ እንደተቀበረ አይታወቅም። በአሮጌው ሠንጠረዥ ላይ በአዲሱ ስም ቪው የሚባለውን ምናባዊ ሠንጠረዥ መሥራት ይቀላል፤ አሮጌው ሪፖርት በአሮጌው ስም፣ አዲሱ በአዲሱ ይሠራል። ለአዲስ ሥራ ግን ሕጉ አጭር ነው። ትንሽ የላቲን ፊደል፣ አኃዝና አንደርስኮር ብቻ፤ በፊደል ይጀምር፤ ከ30 አይብለጥ፤ የሚለየው ከመጀመሪያዎቹ 8 ፊደላት ውስጥ ይሁን፤ የተያዘ ቃል አይሁን፤ ዘመንና መለኪያ ይታይበት። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ዳታቤዝ የሚማር ተማሪ ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ከባዱ ማብራሪያውን ማኖር ነው። ፖስትግሬስኪውኤልም ኦራክልም በእያንዳንዱ ዓምድ ላይ ማስታወሻ መጻፍ ይፈቅዳሉ፤ ማብራሪያው ከዳታቤዙ ጋር አብሮ ይቀዳል፣ አብሮም ይጓዛል። አማርኛው፣ በርታኛው፣ ሙሉው የቢሮ ስም ከነእዝባሩ እዚያ ቢጻፍ ማሽኑ አይነካውም። ሶፍትዌር የሚገዛ ቢሮ በጨረታ ሰነዱ ላይ ሊጨምረው የሚገባው አንቀጽም ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ዓምድ ማብራሪያ ካልተጻፈለት ርክክብ የለም፣ የመጨረሻው ክፍያም አይለቀቅም። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ማብራሪያውን የሚጽፍ ሰው አይገኝም።